መንታ ሳህኖች

«ጋሼ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ እኮ!»

የላቦራቶሪውን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ጋሼ ከማሞቂያው ሣጥን ፊት ወለሉ ላይ ወድቀዋል። መነጽራቸው በአንድ ጆሯቸው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ፊታቸው ከሩጫ እንደመጣ ሰው ቀላ ብሏል። ቁርስ ላይ ቀልደው፣ ስቀው፣ ሳህናቸውን በማንኪያ ጠርገው የተነሡ ሰው ረፋዱ ሳይገፋ እንዲህ ይሆናሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ተከሰከሰ። ተንበርክካ አንገታቸውን ዳበሰች፤ የደም ሥራቸው ዝም ብሏል። ያኔ ነው የጮኸችው።

ሟቹ የአንጀት ሐኪም ነበሩ። ከተማው ግን «የተልባው ዶክተር» ነበር የሚላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደውት፣ ስልክ ሲያነሡ ሳይቀር «የተልባው ነኝ» ይሉ ነበር። እሷ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ወስደው አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ በመጨረሻም ከቤታቸው ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ አጠገባቸው አስቀመጧት። የሥራዋን ነገር ለማያውቅ ሰው መናገር ትንሽ ያሳፍራል፤ የሰው ሰገራ ተቀብላ፣ ውስጡ ያለውን ባክቴሪያ በትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ላይ ታበቅላለች። ጋሼ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ተልባ፣ የዱባ ፍሬ፣ ሰሊጥና ጥሩ ዘይት ዘወትር የሚበላ ሰው በአንጀቱ ውስጥ ምን ይለወጣል?

በዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። «ለሰው የምናበላውን መጀመሪያ እኛ እንብላ!» ይላሉ ጋሼ። ስለዚህ በየማለዳው የቤቱ ሰዎች ለምርመራ የሚሆነውን በየዕቃቸው ያስቀምጡና ከአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን እየተካፈሉ ይበላሉ። እርጎ፣ የተፈጨ ተልባ፣ የዱባ ፍሬ። ለጋሼ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ አንድ ማንኪያ የተልባ ዘይት አለ። ማንኪያውን እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው የሚቀበሉት ከእሷ እጅ ብቻ ነበር።

በዚያን ዕለት ጠዋት ድብልቁን የቀላቀለችው እሷ ናት። ማንኪያውንም ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ሳህኑንም እንደ ልማዷ ወዲያው ያጠበችው እሷው ናት።

---

መርማሪዋ የመጡት ከቀብሩ ማግስት ነው። ወፍራም ሹራብ የደረቡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጡረታ የቀረባቸው ሴት ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ወይዘሮ ቆይ» ይሏቸዋል። ሰው ወሬውን ጨርሶ ሊነሣ ሲል «ቆይ» የማለት አመል አለባቸው፤ ከዚያች «ቆይ» በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው ታዲያ ስንቱን ጉድ ያደረገው።

አራቱን ሰዎች በመመገቢያ ክፍሉ ሰበሰቧቸው። የሟቹ ባለቤት እትዬ ጥቁር ለብሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የጋሼ የልጅነት ጓደኛ፣ የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ጋሽ ዘይቱ አሉ፤ የቤቱን ዘርና ዘይት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው፤ በዚያን ዕለትም ዕቃ ሊያደርሱ መጥተው አብረው ቆርሰዋል። ከማዶ የጋሼ ምክትል፣ በቅርቡ የሚከፈተውን የምርምር ማዕከል ይመራል የሚባለው ወጣቱ ሐኪም፣ የእህታቸውን ልጅ እጅ ይዞ ተቀምጧል። እጮኛዋ ነው፤ ሠርጋቸው ተቃርቧል።

«ሐኪሞቹ መርምረዋል» አሉ መርማሪዋ። «ሰውዬው የሞቱት በሳያናይድ ነው።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ዘይቱ ቀድመው የሰሙ ይመስል አንገታቸውን ደፉ።

«የበሉት ከአንድ ሳህን ነው አይደል?»

«ከአንድ ሳህን» አለ ምክትሉ ቀስ ብሎ። «ለጋሼ አብዝቼ የጨለፍኩላቸውም እኔ ነኝ። ‹ይጨምሩ ጋሼ› እያልኩ። እኔም ሁለት ጊዜ ነው የበላሁት። ምናለ ለእኔ ባደረገው!» ድምፁ ተቆራረጠ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ሁለት ጊዜ በልተህ ምንም አልሆንክም?»

«ምንም።»

«እንግዲህ ሳህኑ ንጹሕ ነበር ማለት ነው» አሉ መርማሪዋ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሌላ ለብቻቸው የወሰዱት ነገር አለ?»

ማንም ወደ እሷ አላየም። አለማየታቸው ግን ከማየት ይከፋ ነበር።

«ዘይት» አለች ራሷ። «አንድ ማንኪያ ዘይት። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

ምክትሉ እጇን ጠበቅ አደረገው። ምስኪን ልጅ፣ ማጽናኛ መሰላት።

---

መርማሪዋ አንድ በአንድ ጠሯቸው። እሷን ግን በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጧት። «ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ያልገባኝን ታስረጂኛለሽ» አሏት። ልትጠብቃቸው ይሁን ልትጠበቅ አልገባትም።

ጋሽ ዘይቱ ሲገቡ ኪሳቸው በዱባ ፍሬ ተሞልቶ ነበር። ሰው ባገኙ ቁጥር ዘር መዝገን አመላቸው ነው፤ ለመርማሪዋም ዘገኑላቸው። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እሜቴ።»

«እንዴት አድርገው?»

«መራራውን የኮክ አስኳል ለሳሙና ሠሪዎች እጨምቃለሁ። ዘይቱ ይሄዳል፣ ፋጉሎው ይቀራል። መርዝ መሆኑን ስለማውቅ ለብቻው አስሬ ጥግ አኖረዋለሁ፣ ከዚያ አቃጥለዋለሁ። ትናንት ‹ሳያናይድ› ሲባል ከሐኪም ቤት ሰምቼ ሮጬ ሄድኩ። ጆንያው ተፈትቷል፤ ጎድሏል።»

«ሲፈጭ ምን ይመስላል?»

«ተልባ ነው የሚመስለው፣ እሜቴ። በጨለማ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ እንኳ እኔ ራሴ እሳሳታለሁ።»

«መጭመቂያው ጋ በዚያ ሰሞን ከዚህ ቤት ማን መጣ?»

«ማን ያልመጣ አለ? እትዬ ለሰሊጥ መጣች። ምክትሉ ጆንያ ሊያወርድልኝ መጣ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራ አይንቅም። ይቺም...» ወደ እሷ ዞር አሉ። «ይቺም ዘይት ልትወስድ መጣች።»

«ይሂዱ። ቆይ!» አሉ መርማሪዋ፣ ጋሽ ዘይቱ የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ። «በዚያን ዕለት ከዚህ ቤት ወጥተው እንዴት ዋሉ?»

«ምን እንዴት እውላለሁ? መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስታወክሁ። ራሴን ሊፈልጠኝ! ገና እቤት ሳልደርስ ነው የጋሼን ነገር የደወሉልኝ።»

እትዬ ደግሞ ሲገቡ ወንበሩን ራቅ አድርገው ተቀመጡ። የእህት ልጅ ተብላ የመጣችውን ልጅ ፀጉሯን እየሠሩ ያሳደጓት ሴት፣ ዛሬ ወደ እሷ ላለማየት ግድግዳውን ያያሉ።

«ማሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባልጨምር ምሬቱን አውቆ ይተወው ነበር። ‹ተልባው ይመራል፣ ማር ጣል ቢያደርጉበት› ሲለኝ ጊዜ ጨመርኩ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ምክትሉ። ይቺ ገና እየቀላቀለች ነበር።»

«እርስዎስ አሞዎት ነበር?»

«ራሴን አዞረኝ። ምን ይገርማል? ባሌ ሞቶብኝ።»

«ከመሞታቸው በፊት ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

እትዬ የልብሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። ከዚያ እንደ ምንም ተነፈሱ። «በዋዜማው ምግብ አልበላም ብሎኝ ነበር። ‹አንድ ሰው አሳፍሮኛል› አለኝ። ‹ቅዳሜ ለጥናቱ ተልባ የምናበላቸው ሰዎች ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ልጄን ግን እንዴት ብዬ ላሳዝናት?› አለ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።» አሁን ዞረው አዩዋት። «ልጄ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

በላብ ተጠምቃ ወለሉን አየች። ጋሼ ያንን ነገር ደርሰውበት ነበር ማለት ነው? እትዬ ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ እንደዚያ የሚዘጉት ሲቆጡ ነው።

ምክትሉ የገባው የጋሽ ዘይቱን የዱባ ፍሬ እየቆረጠመ ነው። ቅርፊቱን በቀኝ በኩል ባለው የኋላ ጥርሱ ቀጭ አድርጎ ይሰብርና በሥነ ሥርዓት መዳፉ ላይ ይተፋል። የተጠየቀውን ሁሉ መለሰ። እጮኛውን በነፍሱ እንደሚያምናት፣ ምናልባት ተሳስታ ሌላ ጠርሙስ አንሥታ ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም ቢሆን ስሕተት እንጂ ክፋት እንዳልሆነ ተናገረ። ዐቃቤ ሕግ እንኳ እንደዚያ አድርጎ አይከስም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ ሲነሣ። «ላቦራቶሪው ውስጥ ያለውን ሳህንና ናሙና ሁሉ ብናስወግደው? ባለቤቱ በሌለበት ይሸታል፤ ለእትዬም ሐዘን መቀስቀሻ ነው። ልጅቱን ነግሬያት እምቢ አለችኝ።»

«ለምን እምቢ አልሽ?» አሏት መርማሪዋ።

«ገና አልተነበበማ» አለች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። የበቀለ ሳህን ሳይነበብ አይጣልም፤ ጋሼ ያስተማሯት እንደዚያ ነው።

መርማሪዋ ከወንበራቸው ተነሡ። «በይ ነያ፣ አንብቢልኝ።»

---

ላቦራቶሪው ጠባብ ነው። የማሞቂያው ሣጥን ያጉረመርማል፤ ጋሼ የወደቁበት ቦታ ላይ የብርጭቆው ስብርባሪ አሁንም በመጥረጊያ ያልተደረሰበት አለ። በሞቱበት ማለዳ የተዘራው ሳህን አሁን በቅሏል። አንድ በአንድ አውጥታ መብራቱ ሥር ደረደረችላቸው፦ የጋሼ፣ የእትዬ፣ የምክትሉ፣ የራሷ።

«እስቲ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አሉ መርማሪዋ። «ተልባ በላሁ እንበል። ከዚያስ?»

«ጋሼ የሚሉትን ልንገርዎት። ‹ተልባ መልካም ነገሩን አስሮ ነው የሚመጣው፤ የሚፈታው አንጀታችሁ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ነው› ይላሉ። ባክቴሪያው ማለታቸው ነው። የዘሩን አሰር፣ ማለት የማይፈጨውን ክፍሉን፣ ይበላና የአንጀትን ግድግዳ የሚቀልብ ስብ ያወጣል። ጥሩው ዘይት ደግሞ የተቆጣውን ያበርዳል። ግን ሠራተኛው ከሌለ፣ ማሳ ሙሉ ተልባ ቢበሉ እንደገባ ይወጣል።»

«ሠራተኛው የሚጠፋው በምንድነው?»

«በብዙ ነገር። ዋናው አንቲባዮቲክ ነው። በዚህ ቤት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ወዲያው ይናገራል፤ ከጥናቱም ይወጣል።»

መርማሪዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጎንበስ አሉ። የጋሼ ሳህን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በዕድሜ ልክ ልፋት ያፈሩት ሠራዊት ነው። የእትዬ ሳሳ ብሎ ሌላ ቀለም አለው። መርማሪዋ ከቀሩት ሁለት ሳህኖች ላይ ግን ዐይናቸውን አልነቀሉም።

«እነዚህ መንታ ናቸው» አሉ። «የእጮኛሽና ያንቺ።»

ሳህኖቹን ወደ ራሷ ሳበች። «አብረን ስለምንበላ ነው።»

«እህ። አብራችሁ ስለምትበሉ።» ቀና አሉና መነጽራቸውን አወረዱ። «ነገ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁንም እፈልጋለሁ። የጥናቱ ሰዎች የሚመጡት ከሰዓት ነው አይደል?»

ሲወጡ ማሞቂያውን ተደግፋ ቀረች። ዋሽታለች። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ከጋሼ ሞት ቀደም ብሎ በነበረው ሳምንት የምክትሉ ሳህን ባዶውን ወጣ፤ ደግማ ብትዘራ ያው ባዶ። ስትጠይቀው ሳቅ ብሎ «ጥርሴን አሞኝ ኪኒን ወሰድኩ፤ ጋሼ ከሰሙ ከጥናቱ ያስወጡኛል፣ ከሠርጋችን በፊት ባታዋርጂኝ?» አላት። እሷም ወደደችውና ሆዷ አልችል አለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው ከራሷ ናሙና ከፍላ በእሱ ስም ትዘራ ጀመር። ጋሼ «የልጁ አንጀት ጥሩ አገገመ» ብለው ሲደሰቱ አጠገባቸው ቆማ አንገቷን ነቅንቃለች። እትዬ ያነሡት «አሳፍሮኛል» ይህ እንደሆነ አልተጠራጠረችም። አሳፍራቸው ነበር የሞቱት! የገደላቸውን ባታውቅም፣ የመጨረሻ እራታቸውን ያስጠላቻቸው ራሷ እንደሆነች ሙሉ ልቧ ነገራት።

ከሰዓት በኋላ እጮኛዋ ግቢው ውስጥ አገኛት። ትከሻዋን አቅፎ «ስለ ጥርሴ ነገር ምንም አላልሽም?» አላት።

«አላልኩም።»

«ጎበዝ። የማይገናኝ ነገር አንሥተሽ ራስሽን እንዳታስጠረጥሪ። ጠርሙስ ተሳስቼ ይሆናል በያቸው፣ የኔ ቆንጆ። ስሕተት ነው፤ ይቅር ይባላል።»

«ግን አልተሳሳትኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት፤ በጣም በርኅራኄ ነው ያላት። ያን ጊዜ፣ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ እርግጠኛ አልነበረችም።

---

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ ያንኑ የመመገቢያ ክፍል መረጡ። ከደጅ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ አራቱ የመስታወት ሳህኖች በጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። እትዬ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ጋሽ ዘይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሳቸውን ባዶ አድርገው መጥተዋል።

«መጀመሪያ ማንኪያውን ከዚህ ነገር እናውጣ» አሉ መርማሪዋ። «መርዙ ዘይቱ ውስጥ ተፈትቶ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው እዚሁ ወንበራቸው ላይ በወደቁ ነበር። እሳቸው ግን ቆርሰው፣ ቀልደው፣ ደረጃ ወርደው፣ ሥራ ሠርተው ነው የወደቁት። ስለዚህ መርዙ ታስሮ ነው የገባው፤ የተፈታው በኋላ ነው። ታስሮ የሚመጣ ሳያናይድ የት እንዳለ ጋሽ ዘይቱ ነግረውናል።»

«ፋጉሎው» አሉ ጋሽ ዘይቱ አንገታቸውን ደፍተው።

«ፋጉሎው። ተልባ መስሎ የተልባው ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ ሁላችሁም ሳህን።»

«ሁላችንማ አልሞትንም!» አለ ምክትሉ።

«ቆይ። አልሞታችሁም፤ ግን ታማችኋል። እትዬን ራሳቸውን አዞራቸው፤ ሐዘን ነው አሉ። አንቺንስ?»

«ራሴን ፈለጠኝ» አለች። «በድንጋጤ መስሎኝ ነበር።»

«ጋሽ ዘይቱ ግን መንገድ ዳር ያስታወኩት የጓደኛቸውን ሞት ሳይሰሙ ነው። ሐዘን ቀድሞ አይመጣም። እንግዲህ ሳህኑ መርዝ ነበረው። እናንተ ጥቂት በላችሁ፣ ጥቂት ታመማችሁ። ሟቹ ብዙ ተጨለፈላቸው፤ ከዚያም ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘር የለመደ፣ የታሰረ ሲያገኝ እየተጣደፈ የሚፈታ አንጀት ነበራቸው። የደከሙበት ሠራተኛ ነው መርዛቸውን የፈታባቸው።»

እትዬ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

«አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው» አሉ መርማሪዋ። «ሁለት ጊዜ በልቶ ራሱን እንኳ ያላመመው ሰውስ?»

ምክትሉ ሳቀ። «ጠንካራ ነኝ ልበል? መርዙን የሚፈታው ባክቴሪያ ነው ካሉ፣ የእኔ ሳህን ያውልዎት፤ ከማንም አይተናነስም።»

«እኔም እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት።» መርማሪዋ ጨርቁን ገለጡ። «ሳህንህ ሞልቷል። ችግሩ፣ የእጮኛህን ሳህን ነው የሚመስለው። ‹አብረን ስለምንበላ ነው› አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን ጋሼና እትዬ ከተጋቡ ጀምሮ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት፤ የእነሱን እዩት፣ አይተዋወቁም! ዕድሜ ልክ አብሮ መብላት ያላመሳሰለውን ገና ያልተጋባችሁት ከየት አመጣችሁት?»

መርማሪዋ ወደ እሷ አልዞሩም፣ አልተጫኗትም፤ ጉልበታቸውን እያሹ ጠበቁ። ምክትሉ ግን ዞረ። ዐይኑ ላይ ያየችው ልመና አልነበረም። ትእዛዝ ነበር። ትናንት «ጎበዝ» ያላት ያው ፊት ነው።

ብትናገር ምን እንደሚከተል ታውቀዋለች። ሥራዋ ያበቃል፤ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ጋሼ ያመኑት ሳህን ሁሉ የውሸት እንደነበር እትዬ ይሰማሉ። ዝም ብትል ደግሞ ድብልቁን የቀላቀለችው እሷ ናትና ጥርጣሬው ይጠብቃታል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ጥርጣሬውን አላሰበችም። ያሰበችው «የልጁ አንጀት ጥሩ አገገመ» ብለው የተደሰቱበትን ፊት ነው።

«የእኔ ነው» አለች። «ሁለቱም የእኔ ናቸው። የእሱ ሳህን ባዶ ነበር። አንቲባዮቲክ ወስዶ ነበር፤ ጥርሴን አሞኛል አለኝ። እኔ ሸፈንኩለት።»

«ታውቂ ነበር?» አሉ እትዬ።

«ባዶ መሆኑን አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«የትኛውን ጥርሱን ነው ያመመው?» አሉ መርማሪዋ።

«በቀኝ በኩል፣ የኋላውን።»

«ትናንት ከፊቴ ቁጭ ብሎ የዱባ ፍሬ ከነቅርፊቱ የሰበረው በቀኝ በኩል ባለው የኋላ ጥርሱ ነው። አንድም ጊዜ ፊቱን አላኮማተረም።» አሁን ወደ ምክትሉ ዞሩ። «ጥርስህ ጤነኛ ነው፣ ልጄ። ኪኒኑን የዋጥከው ሠራተኞችህን ልታባርር ነው። ከዚያ ከሁሉም ፊት ሁለት ጊዜ ብትበላ፣ ሳህኑ ንጹሕ ነው ይባላል፣ ጣት ወደ ማንኪያዋ ይቀሰራል። እትዬን ደግሞ ‹ተልባው ይመራል› ያልካቸው ድብልቁ ገና ሳያልቅ፣ ማንም ሳይቀምሰው ነው። ምሬቱን ከየት ዐወቅኸው? ሳህኖቹ እንዲጣሉልህም ለምነኸኛል።»

«ለምን ብዬ? እንደ አባቴ ነበሩ እኮ!»

«‹አንድ ሰው አሳፍሮኛል፤ ልጄን እንዴት ላሳዝናት› ብለው ነበር። ልጃቸውን የሚያሳዝናት ስለ ራሷ ጥፋት ከሆነ ‹እንዴት ልቆጣት› ይሉ ነበር። ያዘኑላት በአንተ ምክንያት ነው። የጥናቱን ተሳታፊዎች እየዞርኩ አነጋገርኩ። ዘሩ ምንም እንዳልለወጠላቸው የነገሩህ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ‹ይህን ለጋሼ ነግረናቸው ነበር፣ ደነገጡ፤ እንደነገርናቸውም ለምክትሉ አልደበቅነውም› አሉኝ። አንተ ያወጣኸው ውጤት ላይ አንዳቸውም የሉም። በአዲሱ ማዕከል ላይ የሚያሾምህ ደግሞ ያው ውጤት ነበር። ጋሼ ዛሬ ከሰዓት ሊናገሩት ነበር።»

ጋሽ ዘይቱ ምክትሉን ሊያንቁ ተነሥተው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፖሊሶቹ ገብተው ክንዱን ሲይዙት አልታገለም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመና አያት።

«መጀመሪያ ሰሞን ሐሳብ ብቻ ነበር» አላት። «ሳህኔ ባዶ ሲወጣ አለቀልኝ ብዬ ትቼው ነበር። ስትሸፍኚልኝ ነው የደፈርኩት።»

ወሰዱት። እሷ የተቀመጠችበት ቀረች። እትዬ ተነሥተው በአጠገቧ አለፉና ወደ ጓዳ ገቡ፤ አላዩዋትም።

«ውሸቱን ነው አይደል?» አለች ለመርማሪዋ። «ሊጎዳኝ ብሎ ነው።»

መርማሪዋ ሹራባቸውን ቆለፉ። ማጽናናት ያውቁበታል፤ ግን ይህችን ልጅ ማሞኘት አልወደዱም። «ሊጎዳሽ ብሎም ይሆናል። እውነትም ይሆናል። በሕግ በኩል አንቺ ምስክር ነሽ። ከዚያ ያለፈውን እኔ ልመረምረው አልችልም።»

---

ከሰዓት የጥናቱ ሰዎች መጡ። ስለ ጋሼ ሞት ሰምተው ጥቁር የለበሱም አሉ። ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ ደርድራ ከፊታቸው ቆመች። ማንም እንድትናገር አልጠየቃትም፤ ጋሽ ዘይቱ እንዲያውም «ተይው ልጄ፣ ለሌላ ቀን ይሁን» ብለዋት ነበር።

«የነገርናችሁ ውጤት ውሸት ነው» ብላ ጀመረች። ያልተሻላቸው ሰዎች ከቁጥር መውጣታቸውን ነገረቻቸው። ጋሼ ዛሬ ይህንኑ ሊነግሯቸው እንደነበር፣ ሳይነግሯቸው እንደተገደሉ፣ ማን እንደገደላቸው። ከዚያ የራሷን ጀመረች፤ ባዶውን ሳህን፣ በየማለዳው የከፈለችውን ናሙና፣ ጋሼ ሲደሰቱ የነቀነቀችውን አንገት። አንድም አላስቀረችም። ከመሐል አንድ ሰው ወንበሩን እያንኳኳ ተነሥቶ ሄደ። ሌላ ሴት ተከተለችው።

«እኔ ግን ተሽሎኛል» አሉ ከፊት የተቀመጡ አሮጊት። «ሆዴ ሰላም አግኝቷል። ታዲያ ተልባውን ልተው ወይስ ልቀጥል?»

«ለእርስዎ የሚፈታው አለዎት፣ እማማ። ይቀጥሉ። ከጎንዎ ላሉት ግን ምንም አላደረገላቸውም፤ ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። ጋሼም አያውቁትም ነበር። ሊነግሯችሁ የነበረው ይህንን ነው።»

አሮጊቷ አሰብ አድርገው «እሱ ከሆነ ደግ ነው» አሉ።

ቀና ስትል እትዬን አየቻቸው። መቼ እንደመጡ አላየችም፤ ከመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ለብቻቸው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው እሷ ላይ ነው። ፊታቸው ላይ ይቅርታ አልነበረም፤ ልትፈልገውም አልደፈረችም። ንግግሯን ቀጠለች። ብዙ ሰው ጠየቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፣ ጥላው ረዘመ። እትዬ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም።